የተዘጋው ክፍል ምሥጢር እንዴት ይሸጣል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለወላጆች የተደረገ ንግግር)





የበዓሉ አዘጋጆች ስለ መጻሕፍት አንድ ንግግር እንዳደርግ በጠየቁኝ ጊዜ ስለ ታላላቅ ደራስያን ሕይወት የምናገር ሳይመስላቸው አልቀረም። እኔ ግን የመረጥሁት ብዙ ሰዎች የሥራ ፈት መጫወቻ አድርገው የሚቈጥሩትን አንድ የድርሰት ዓይነት ነው። ይኸውም በተዘጋ ክፍል ውስጥ ስለ ተፈጸመ ወንጀል የሚተርከው ልብ ወለድ ነው። የምናገረውም ስለ አጻጻፉ ብቻ አይደለም፤ ይልቁንም ይህን ዓይነቱን መጽሐፍ አሳትሞ ለሕዝብ ማስተዋወቅ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ሆነ፣ ችግሩንም ለማሸነፍ ሰዎች ምን ምን ዘዴ እንደ ፈጠሩ ላስረዳችሁ እፈልጋለሁ። ነገሩ የተፈጸመው በአብዛኛው በአሜሪካ፣ በእንግሊዝ፣ በፈረንሳይና በጃፓን ስለ ሆነ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ድርሰቱን አንብባችሁ ለማታውቁት ጠባዩ እንዲህ ነው። አንድ ሰው በክፍሉ ውስጥ ተገድሎ ይገኛል። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ መስኮቱ ብረት አለበት፤ ጎረቤት ጩኸት ሰምቶ በሩን ሰብሮ ሲገባ ከሬሳው በቀር ማንም የለም። ወይም ደግሞ ቤቱ ዙሪያውን በበረዶ ተሸፍኖ ሳለ ገዳዩ የመጣበትም የሄደበትም ዱካ አይታይም። ወይም አንድ ሰው ብዙ ዓይን እያየው ወደ አንድ ጠባብ ስፍራ ይገባና በዚያው ይጠፋል። ነገሩ ሲያስቡት ሊሆን የማይችል ነው፤ ነገር ግን ሆኗል። መርማሪው ይመጣል፤ ይለካል፤ ይጠይቃል፤ በመጨረሻውም ምዕራፍ ላይ የሰው እጅ ሥራ መሆኑን አንድ በአንድ ያስረዳል። የድርሰቱ ሕግ ጥብቅ ነው፤ በመንፈስ ወይም በአስማት ማመካኘት አይፈቀድም።

እዚህ ላይ ለወላጆች አንድ ቃል ልናገር። «ልጃችን የትምህርቱን መጽሐፍ ትቶ የነፍሰ ገዳይ ታሪክ ያነባል» እያላችሁ የምታዝኑ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። በዚህ ዓይነት መጽሐፍ ውስጥ ደም የሚፈስሰው በአንድ ገጽ ነው፤ የቀረው 200 ገጽ የሚያወራው ስለ በር መቀርቀሪያ፣ ስለ ቁልፍ፣ ስለ ሰዓትና ስለ ዱካ ነው። በታሪኩ መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ «ይህስ የጋኔን ሥራ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እርሱ ብቻ ይሳሳታል። መርማሪው ጋኔኑን ትቶ የበሩን ስንጥቅ በክር ይለካል። ልጃችሁ ይህን እያነበበ ቢያመሽ የሳይንስ መምህሩ የሚቀየሙ አይመስለኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ገበያ የወጣ ሰው ዕቃውን ሳያይ አይገዛም። ቅቤ ሻጭዋ ገዢው እንዲያሸት ክዳኑን ታነሣለች፤ ጨርቅ ነጋዴው ጣቃውን ዘርግቶ ያሳያል፤ በግ የሚገዛውም ላቱን ሳይዳብስ ዋጋ አይቈርጥም። የተዘጋው ክፍል መጽሐፍ ግን ዋጋው ያለው በመጨረሻው ምሥጢር ላይ ነው። አሳታሚው ምሥጢሩን ቢያሳይ የሚሸጠው ነገር አይቀረውም፤ ምንም ባያሳይ ደግሞ የሚገዛው አይኖርም። ስለዚህ ለሕዝብ የሚያሳየው በሩን ብቻ ነው። «በሩ እንዲህ ሆኖ ተዘግቷል፤ መክፈቻው በውስጥ አለ፤ እመኑኝ» ማለት ይኖርበታል። ይህ ንግድ ከሌላው ሁሉ ይልቅ በመተማመን ላይ የቆመ ነው።

እኛ አገር ነገሩ አዲስ አይደለም። ልጆች ማታ እሳት ዳር ተቀምጠው እንቆቅልሽ ሲጠያየቁ ያወቀ ይመልሳል፤ ያቃተው ግን መልሱን በነጻ አያገኝም፤ አገር ይጠየቃል። ጎጃምን ወይም ሐረርን እስኪሰጥ ድረስ ጠያቂው አፉን አይከፍትም። አገሩን ከተቀበለ በኋላ ደግሞ «እኔም አላውቀውም» ቢል ከዚያ ወዲያ ማንም ከእርሱ ጋር አይጫወትም። መጽሐፍ አሳታሚውም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ እርሱ የሚጠያየቀው ፊታቸውን አይቶ ከማያውቃቸው ብዙ ሺህ ሰዎች ጋር መሆኑ ነው።

የተዘጋ ክፍል ታሪክን ጥንታዊነት ለማወቅ የሚፈልግም ሰው ተረፈ ዳንኤልን ገልጦ ይመልከት። የባቢሎን ሰዎች ቤል የሚባል ጣዖት ያመልኩ ነበር። በየቀኑ ዱቄት፣ በግና ወይን ጠጅ ይቀርብለታል፤ ሲነጋ ገበታው ባዶ ሆኖ ይገኛል። ዳንኤል ግን አላመነም። ካህናቱም ንጉሡን «በሩን ዝጋ፣ በገዛ ቀለበትህም አትም» አሉት። በሩ ተዘጋ፤ ታተመ። በማግስቱ ማኅተሙ ሳይነካ ምግቡ አልቆ ነበር። ንጉሡ ቤልን ሲያወድስ ዳንኤል ሳቀና ወለሉን አሳየው። ማታ በንጉሡ ፊት አመድ ነስንሶበት ነበርና የወንዶች፣ የሴቶችና የሕፃናት እግር ዱካ ታትሞ ታየ፤ ከገበታውም ሥር ስውር በር ተገኘ። የዚህን ታሪክ ምሥጢር የገለጥሁት ሁላችሁም በቤተ ክርስቲያን የሰማችሁት ስለ ሆነ ነው። ከአሁን በኋላ ግን ከምጠራቸው መጻሕፍት የአንዱንም መልስ ከእኔ አፍ አትሰሙም፤ የምትፈልጉ እያነበባችሁ ድረሱበት።

በዘመናዊው ጽሕፈት የመጀመሪያው ተደርጎ የሚቈጠረው አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ በ1841 በፊላደልፊያ ከተማ በሚታተመው በግራሃም መጽሔት ላይ ያወጣው፣ በፓሪስ በአንድ የተዘጋ ክፍል ስለ ተገደሉ እናትና ልጅ የሚናገረው ታሪክ ነው። ፖ ራሱ የመጽሔቱ አዘጋጅ ነበር። ይሁን እንጂ የዚህ ዓይነቱን ድርሰት የመሸጥ ብልሃት የተማሩት ከእርሱ በኋላ የመጡት የየዕለት ጋዜጦች ናቸው።

በ1891 በለንደን ስታር የሚባለው ጋዜጣ የእስራኤል ዛንግዊልን «የቦው ታላቅ ምሥጢር» በየቀኑ እየቈራረጠ ማውጣት ጀመረ። ሰውየው በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተገድሏል፤ ታሪኩ ግን ገና አላለቀም። ያን ጊዜ አንባቢዎች ገዳዩ እገሌ ነው እያሉ ለጋዜጣው ይጽፉ ጀመር። ዛንግዊልም ሲጨርስ ለጋዜጣው አንድ የቀልድ ደብዳቤ ላከ፤ አንባቢዎች የጠረጠሩትን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ እያስወጣሁ በመጨረሻ ማንም ያልጠረጠረውን ገዳይ አደረግሁት የሚል ነበር። ይህን እውነት ብለው የተቀበሉ ስለ ነበሩ ኋላ በ1895 በመጽሐፉ መቅድም ላይ ቀልድ መሆኑን ለማስረዳት ተገደደ። እንዲህ ያለ ታሪክ መጨረሻው አስቀድሞ ሳይታሰብ ሊጻፍ እንደማይችልም ጨምሮ ተናገረ። እኔ ግን ከቀልዱ የበለጠ የሚገርመኝ ደብዳቤው ነው። አንባቢ ብዕር አንሥቶ ወደ ጋዜጣ ከጻፈ፣ ነገ ጋዜጣውን ሳይገዛ አያድርም።

በአሜሪካም በ1905 አንድ የቦስተን ጋዜጣ ይህንኑ ብልሃት በሽልማት አጠናከረው። ጸሐፊው ዣክ ፉትሬል ይባላል። በታሪኩ ውስጥ አንድ ፕሮፌሰር በአእምሮዬ ብቻ ከፈለግሁት እስር ቤት እወጣለሁ ብሎ ከወዳጆቹ ጋር ይወራረዳል። ይዞ የገባው የጥርስ ዱቄት፣ ጥቂት የወረቀት ገንዘብና የተወለወለ ጫማ ብቻ ነው፤ ከሳምንት በኋላ ግን በተባለው ሰዓት ከእስር ቤቱ ውጪ ይገኛል። ጋዜጣው መልሱን ከማውጣቱ በፊት እንዴት እንደ ወጣ ለሚያውቁ አንባቢዎች ባጠቃላይ 100 ዶላር ሽልማት መደበ። ይህ ልክን ያወቀ ሥራ ነው። ፉትሬል በ1912 ታይታኒክ በተባለችው መርከብ ላይ ሳለ ሞተ፤ ታሪኩ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ደጋግሞ ይታተማል።

በዚያው በ1905 በለንደን የሆነውን ደግሞ ስሙ። ይህን ከሌላው አስረዝሜ እነግራችኋለሁ፤ የንግድ ትምህርት የምትማሩ በተለይ ጆሯችሁን ስጡኝ።

ኤድጋር ዋላስ የዴይሊ ሜይል ጋዜጣ ዘጋቢ ነበር። «አራቱ ፍትሐውያን» የሚል ልብ ወለድ ጻፈ። አራት ሰዎች የእንግሊዝን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር እንገድላለን ብለው አስቀድመው ያስታውቃሉ። ሚኒስትሩም በፖሊስ ተከቦ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ ሳለ በተባለው ሰዓት ይሞታል። ዋላስ መጽሐፉን ለማሳተም ታሊስ የሚባል የራሱን ማተሚያ ድርጅት አቋቋመ። ይህም አልበቃውም። የአገዳደሉን ምሥጢር ከመጽሐፉ አስቀረና ያወቀ ሰው ይሸለማል ብሎ 500 ፓውንድ መደበ፤ መጽሐፉም ላይ ተቀድዶ የሚላክ የመልስ ወረቀት አስገባ። ማስታወቂያውን በጋዜጣ፣ በየግድግዳውና በአውቶቡሶች ላይ አስለጠፈ። ለአንድ አዲስ ደራሲ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ የተለመደ አልነበረም። መጽሐፉም ተሸጠ፤ ሰውም አነበበው፤ መልሱም ከየአቅጣጫው ጎረፈ።

ችግሩ የተፈጠረው በሒሳቡ ላይ ነው። ዋላስ በውድድሩ ደንብ ውስጥ ሽልማቱ ለስንት ሰው እንደሚሰጥ አልወሰነም ነበር። ትክክለኛ መልስ የላከው ሁሉ ሽልማቱ ይገባኛል ለማለት መብት ነበረው፤ ትክክለኛ መልስ የላኩትም ብዙዎች ሆኑ። እያንዳንዱ መጽሐፍ ሲሸጥ ትርፍ የሚያመጣ መስሎት የነበረው ሰው፣ እያንዳንዱ ጎበዝ አንባቢ አዲስ ዕዳ ይዞበት መጣ። የአሸናፊዎቹ ስም ሳይገለጥ ሲዘገይ ሕዝቡ ነገሩ ማታለል ሳይሆን አይቀርም ብሎ ማጉረምረም ጀመረ። የዴይሊ ሜይል ባለቤት ሀርምስዎርዝ የጋዜጣው ስም አብሮ እንዳይጠፋ በመፍራት ለዋላስ ገንዘብ አበደረው። በመጨረሻም ዋላስ የመጽሐፉን መብት በጥቂት ገንዘብ ለሌላ አሳታሚ ሸጠ። መጽሐፉ ከዚያ ወዲያ ለብዙ ዓመት ሲነበብ ኖሯል፤ ትርፉ ግን ወደ ጻፈው ሰው ኪስ አልገባም።

ብዙዎች ይህን ታሪክ ሲያወሩ ይስቃሉ። እኔ ግን ዋላስን ከመዝለፍ ይልቅ አደንቀዋለሁ። ስለ መጽሐፉ ያለው እምነት ፍጹም ነበር፤ ያጠፋውም ድፍረቱ ሳይሆን አንዲት ያልተጻፈች መስመር ናት። ከምሥጢሩ ይልቅ የምሥጢሩ ዋጋ ሕግ ያስፈልገው ነበር።

በፈረንሳይ ጋስተን ለሩ በ1907 «የቢጫው ክፍል ምሥጢር»ን ኢሉስትራሲዮን በሚባለው ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ አወጣ። ይህ መጽሐፍ ለብዙ ደራስያን መማሪያ ሆኗል። ካነበቡትም አንዱ አሁን የምነግራችሁ የዚህ ድርሰት አለቃ የሆነው አሜሪካዊ ነው።

ጆን ዲክሰን ካር በ1906 በፔንሲልቫኒያ ተወለደ። «በሌሊት የሚሄደው» የሚለው የመጀመሪያ ልብ ወለዱ በ1930 በኒውዮርክ ሀርፐር በተባለው የመጽሐፍ ማሳተሚያ ቤት ወጣ። ሀርፐር በዚያን ጊዜ ድንቅ ዘዴ ነበረው። የመጽሐፉ የመጨረሻ ክፍል በስስ ወረቀት ይታሸጋል። ገዢው እስከ ማኅተሙ ድረስ ያነብባል፤ ከዚያ በኋላ መጨረሻውን ለማወቅ ካልጓጓ ማኅተሙን ሳይቀድድ መጽሐፉን መልሶ ገንዘቡን ይቀበላል። ልብ በሉ፤ አሳታሚው ምሥጢሩን ሳያሳይ ዋስትና ሰጠ። የተዘጋውን ክፍል በመጽሐፉ ውስጥ በወረቀት ሠራው፤ ቁልፉንም ለገዢው ሰጠው። እንግዲህ ሌሊት እስከ ማኅተሙ ድረስ ያነበበ ሰው፣ ገንዘቡን ለማስመለስ ሲል ሳይቀድደው ይተኛልን? ይህን ያሰበው ሰው የሰውን ልብ የሚያውቅ ነጋዴ ነበር።

ካር ብዙ ስለሚጽፍ አንድ አሳታሚ አልበቃውም። በ1933 ሞሮው የሚባለው ሌላ አሳታሚ አንዱን መጽሐፉን «ካር ዲክሰን» በሚል ስም አወጣበት። ሀርፐርም ስሙ ከእኛ ደራሲ ስም ጋር ይመሳሰላል ብሎ ተቃወመ። ስለዚህ ካር ከዚያ ወዲያ ለሞሮው «ካርተር ዲክሰን» እየተባለ ጻፈ። ሁለቱን ስሞች ጎን ለጎን አስቀምጦ ምሥጢሩን ለማወቅ ግን መርማሪ መሆን አያስፈልግም ነበር! በ1935 የወጣው ከሁሉ የታወቀው መጽሐፉ ደግሞ በለንደን «ባዶው ሰው»፣ በኒውዮርክ «ሦስቱ የሬሳ ሣጥኖች» ተብሎ ታተመ። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ መርማሪው ዶክተር ፌል ታሪኩን አቋርጦ በተዘጋ ክፍል ሰውን መግደያ መንገዶች ስንት ዓይነት እንደሆኑ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ያስተምራል። ነጋዴ የሚያውቀውን ማታለያ ሁሉ ለገዢው ዘርዝሮ «አሁን ደግሞ ላታልልህ ነው» እንደማለት ነው። አንባቢው ከዚህ በኋላም ይታለላል። በ1981 ኤድዋርድ ሆክ ለአንድ መድብል ሲል 17 አዋቂዎችን ጠይቆ ድምፅ ባሰጠ ጊዜ ይህ መጽሐፍ አንደኛ ወጣ።

ሌሎች አሳታሚዎችም ዝም አላሉም። ዴል የሚባለው ድርጅት ከ1943 ጀምሮ በርካሽ መጻሕፍቱ የኋላ ሽፋን ላይ ወንጀሉ የተፈጸመበትን ቤት ወይም መንደር ካርታ አሳትሞ ይሸጥ ነበር። እኔ ከሁሉ የምወደው ማስታወቂያ ይህ ነው። በሩ የት እንዳለ፣ መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ፣ ደረጃው የት እንደሚወርድ ሁሉ ተሥሏል፤ ምንም አልተደበቀም፤ ምንም ግን አልተነገረም።

ደራስያኑ እርስ በርሳቸውም ይፈታተኑ ነበር። ክሌይተን ሮውሰን የሚባል አስማተኛ፣ ማለት በመድረክ ላይ የዓይን ጨዋታ የሚያሳይ ሰው፣ ደራሲም የመጻሕፍት አዘጋጅም ነበር። እርሱ ካርን «በሩና መስኮቱ ከውስጥ በሙጫ ወረቀት በታሸገ ክፍል ውስጥ ሰው ግደልልኝ» አለው። ካርም መልሶ «ስልክ መደወያ ሣጥን ውስጥ የገባ ሰው አጥፋልኝ» አለው። ካር ፈተናውን በ1944 በአንድ ልብ ወለድ፣ ሮውሰን በ1949 በአንድ አጭር ታሪክ ፈቱት። ወዳጅነታቸውም አልተጓደለም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን የብዙ አንባቢ ዓይን ወደ ስለላና ወደ ፖሊስ ታሪክ ዞረ። የድሮዎቹ መጻሕፍት እያለቁ ሲሄዱ ብዙዎቹ አልታተሙም። ይህን ድርሰት ከመረሳት ያዳኑት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ከእነርሱም የሚበዙት ትልቅ ገንዘብ ያላቸው አልነበሩም።

አንደኛው እንግሊዛዊው ሮበርት ኤዲ ነው። የተዘጋ ክፍል ታሪኮችን ሁሉ እያሳደደ ሰብስቦ በ1979 አንድ የመጻሕፍት ዝርዝር አሳተመ፤ በ1991 ሲያሻሽለው ከ2000 የበለጡ ታሪኮች ገቡበት። የአዘገጃጀቱን ጨዋነት ተመልከቱ። በመጽሐፉ ፊተኛ ክፍል የእያንዳንዱን ታሪክ እንቆቅልሽ ብቻ ጻፈ፤ መልሶቹን ግን ለብቻቸው ወደ ኋላ ወሰዳቸው። አንድ ሰው ዓይኑን በስሕተት አሳርፎ የሌላውን መጽሐፍ ደስታ እንዳያጠፋ ማለት ነው። ሁለተኛው ራሱ ኤድዋርድ ሆክ ነው። የኤለሪ ክዊን ምሥጢራዊ መጽሔት በ1941 ተመሥርቶ ነበር፤ ሆክ ከግንቦት 1973 ጀምሮ በ2008 እስከ ሞተበት ድረስ በዚህ መጽሔት በእያንዳንዱ እትም አንድ ታሪክ አላጓደለም። ከእነዚህም ውስጥ ሳም ሆቶርን የሚባለው የገጠር ሐኪም የሚመረምራቸው 72 ታሪኮች ሁሉም ሊሆን የማይችል ስለሚመስል ወንጀል ናቸው። ለዕለት ጽሑፍ «ሐሳብ አጣሁ» እያላችሁ ለመምህራችሁ የምታመካኙ ተማሪዎች ይህን ቊጥር አስቡት።

ሦስተኛው በኒውዮርክ ይኖር የነበረው እንግሊዛዊው ጆን ፑግማየር ነው። በፈረንሳይ አገር ፖል ሀልተር የሚባል የካር ተከታይ ደራሲ አለ፤ በ1987 «አራተኛው በር» በሚለው መጽሐፉ ሽልማት አግኝቷል። እንግሊዝኛ አንባቢ ግን አያውቀውም ነበር። ፑግማየር ራሱ ተረጐመው፤ በ2010ም ለተዘጋ ክፍል ታሪኮች ብቻ የሚሆን አነስተኛ ማሳተሚያ አቋቋመ። መጻሕፍቱ ይታተሙ የነበሩት ገዢ ባዘዘ ቊጥር አንድ አንድ እየሆኑ ነበር። ስለዚህ መጋዘን አይከራይም፤ ያልተሸጠ መጽሐፍም አይከመርበትም ነበር። ዋላስ ይህን መሣሪያ ቢያገኝ ኖሮ አልኩ እንጂ፣ ለካ የዋላስ ዕዳ ከሽልማቱ እንጂ ከመጋዘኑ አልመጣም። ፑግማየር በ2024 አረፈ።

ከፈረንሳይ ቀጥሎ ፑግማየር ያሳተመው የጃፓንን መጻሕፍት ነው፤ ይህ ደግሞ እናንተን ተማሪዎችን በቀጥታ ይመለከታል። ጃፓኖች ይህን ድርሰት የሚወዱት ከጥንት ጀምሮ ነው። ኤዶጋዋ ራምፖ የሚባለው ደራሲ የብዕር ስሙን ያወጣው ከኤድጋር አለን ፖ ስም ነው፤ ሁለቱን ስሞች ቶሎ ቶሎ ብትጠሩ ይገባችኋል። ዮኮሚዞ ሴይሺም ከጦርነቱ በኋላ በ1946 ስለ ተዘጋ ክፍል የጻፈው ልብ ወለድ በ1948 የጃፓን ምሥጢራዊ ድርሰት ጸሐፊዎች ማኅበርን የመጀመሪያ ሽልማት አግኝቷል። ኋላ ግን እዚያም ይህ ዓይነቱ ድርሰት ተዳክሞ ነበር። ያነሡትም በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ የምሥጢራዊ ድርሰት ክበብ ተማሪዎች ናቸው። በክበባቸው አንድ ተማሪ ታሪክ ጽፎ ይመጣና እንቆቅልሹን እስከሚደመድምበት ስፍራ ያነብባል። ከዚያ ያቆማል። ጓደኞቹ ያስባሉ፤ ይከራከራሉ፤ መልስ ይሰጣሉ። በመጨረሻ የመልሱ ክፍል ይነበባል። ታሪኩ ውስጥ ፍንጭ የጎደለ እንደ ሆነ ጸሐፊው ከጓደኞቹ ፊት ማምለጫ የለውም። ከዚህ ክበብ የወጣው አያጹጂ ዩኪቶ በ1987 «የአሥር ማዕዘኑ ቤት ግድያ»ን አሳተመ፤ ሌሎችም የክበቡ ልጆች ተከተሉት። ይህን መጽሐፍ በ2015 በእንግሊዝኛ ያወጣው የፑግማየር ትንሽ ድርጅት ነው፤ በ2020 ደግሞ በለንደን የሚገኘው ፑሽኪን ያንኑ ትርጕም ወስዶ ለሰፊው አንባቢ አቀረበው። ዛሬ የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍትም የድሮዎቹን ምሥጢራዊ ልብ ወለዶች በተከታታይ እያሳተመ ነው። በ1930 ታሽጎ የወጣው የካር የመጀመሪያ መጽሐፍ በ2019 እንደገና ታትሟል።

እንግዲህ ወደ ራሳችን መጻሕፍት ቤት እንግባ። በዚህ ዓመት ውስጥ ከተዋሱ ምሥጢራዊ ልብ ወለዶች በአንዱ፣ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የገዳዩ ስም በእርሳስ ተጽፎ ተገኝቷል። በሌላውም የመጨረሻው ወረቀት ተቀድዶ ሄዷል። የጻፈው ወይም የቀደደው ማን እንደ ሆነ አልጠይቅም። ነገር ግን ከፖ ጀምሮ እስከ ፑግማየር ድረስ ስንት ሰው በማኅተም፣ በካርታ፣ መልሱን ወደ ኋላ በማስቀመጥ የጠበቀውን ምሥጢር አንዲት እርሳስ በሦስት ቃል ታጠፋዋለች። ከዚያ በኋላ ያንን መጽሐፍ የሚዋስ ተማሪ ያለ ጥፋቱ ይቀማል፤ አገር ሳይጠየቅ መልሱ በግድ ይጫንበታል። መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ አለ፤ ግን የለም።

የንባብ ክበባችን ይህን ካየ በኋላ የኪዮቶ ተማሪዎችን ልማድ ወደዚህ ለማምጣት ወስኗል። በሚመጣው የትምህርት ዘመን ከተማሪዎች የሚቀርቡ የተዘጋ ክፍል ታሪኮች በአማርኛ ይጻፋሉ። ታሪኩ የሚሆንበት ቤት እናንተ የምታውቁት ቤት ይሁን፤ በረዶ ካላያችሁ በረዶ አትጻፉ፤ ጭቃም ዱካ ይይዛል። በሩ በመቀርቀሪያ ይዘጋ ወይም በመወርወሪያ፣ ራሳችሁ አይታችሁ የለካችሁት ይሁን። ጸሐፊው መልሱን አስቀድሞ ጽፎና በፖስታ አሽጎ ለርእሰ መምህሩ ያስረክባል። ይህ ሳይሆን እንቆቅልሹ በሰሌዳ ላይ አይለጠፍም፤ ዛንግዊልን እንደጠረጠሩት ጸሐፊውን መሐል ላይ ገዳዩን ለወጥህ የሚለው እንዳይኖር ነው። አንባቢዎች መልሳቸውን እስከ 14 ቀን ድረስ ይሰጣሉ። በ15ኛው ቀን ፖስታው በሕዝብ ፊት ይከፈታል፤ የአሸናፊዎቹም ስም በዚያው ሰዓት ይነበባል።

ሽልማቱ ደብተርና ብዕር ሲሆን የሚሰጠው ለሦስት ሰው ብቻ ነው። ይህን ቊጥር እባካችሁ በደንብ ስሙልኝ፤ ለሦስት ሰው ብቻ። ትክክለኛ መልስ የሰጡት ከሦስት ከበለጡ ዕጣ ይወጣል፤ ክበቡ የሚያበድረው ሀርምስዎርዝ የለውም።

የመልስ ማስገቢያው ሣጥን ከመጻሕፍት ቤቱ በር በስተቀኝ ይቀመጣል፤ ቁልፉም አንድ ብቻ ሆኖ በርእሰ መምህሩ እጅ ይሆናል። ሣጥኑ እንደ ተቈለፈ ሳለ በውስጡ ያለውን ወረቀት ሊያወጣ የሚችል ተማሪ ቢገኝ፣ እንዴት እንዳደረገው ጽፎ ያምጣልን፤ እናሳትምለታለን። ሽልማት ግን ለእርሱ አልተመደበም።